ከዲ3100 ወደ ዲ7200፦ የተለወጠውና ያልተለወጠው

ካሜራ የቀየረ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ፎቶው ተሻለ?» እኔም ለጀማሪ የሚሆነውን ኒኮን ዲ3100 ትቼ መካከለኛ ደረጃ ያለው ያገለገለ ዲ7200 የገዛሁ ጊዜ ከቤተሰብም ከወዳጅም ይኸው ጥያቄ ደረሰኝ። መልሴ ጠያቂውን አያስደስትም። በጠራራ ፀሐይ፣ ያው ሌንስ ተገጥሞ፣ ያው ሰው እዚያው ቆሞ በሁለቱም ቢነሳና ፎቶዎቹ በ13 በ18 ሳንቲ ሜትር ታትመው ጎን ለጎን ቢቀመጡ፣ የትኛው ከየትኛው ካሜራ እንደወጣ ለመለየት እኔም እቸገራለሁ። ከ14.2 ሜጋፒክስል ወደ 24.2 መውጣት ሲነገር ትልቅ ነገር ይመስላል። ግድግዳ የሚሸፍን ፎቶ ለማያሳትም፣ ያነሳውንም በቴሌግራም ለሚልክ ሰው ግን ጭማሪው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ቴሌግራም ራሱ ፎቶውን ጨምቆ ያሳንሰዋልና።

እንግዲያው ገንዘቡ ምን ላይ ዋለ? ያመለጡኝ የነበሩ ፎቶዎች ላይ ነው የዋለው። ጥሩ ሆኖ የተነሳው ፎቶ ከበፊቱ ብዙም አልበለጠም። ቀድሞ ሳይነሳ ይቀር የነበረው፣ ደብዝዞ ይወጣ የነበረው፣ «ትንሽ ብቀድም ኖሮ» እያልኩ የማጠፋው ግን አሁን ይገኛል። መካከለኛ ደረጃ ያለው ካሜራ የሚሸጠው ነገር ይህ ይመስለኛል። ማስታወቂያው የሚያወራው ስለ ሌላ ቢሆንም።

የተክሊል ሥርዓት ያነሳ ሰው የምለው ይገባዋል። ሥርዓቱ በማለዳ ይፈጸማል። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከመስኮት የሚገባ ጥቂት የጠዋት ብርሃን፣ የጧፍ ብርሃን፣ ከላይ ደግሞ አምፖል አለ፤ ሦስቱም ቀለማቸው አይገጥምም። ፍላሽ በብዙ ቦታ አይወደድም። ባይከለከል እንኳ ካህኑ ጸሎት ላይ ሳሉ ፊታቸው ላይ ብልጭ ማድረግ ነውር ነው። ሙሽሮቹ ካባቸውን ደርበው ቆመዋል፤ ካህኑ አክሊሉን አንስተው ሙሽራው ራስ ላይ እስኪያኖሩ ያለው ጊዜ ደግሞ እጅግ አጭር ነው። «አባ፣ እባክዎ አንዴ ይድገሙልኝ» አይባልም።

ዲ3100 እንዲህ ባለ ቦታ ላይ ሦስት ነገር በአንድ መዘውር ያሠራል። ሁሉን በእጅ ለማስተካከል የፈለገ ሰው የሹተሩን ፍጥነት (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ለመለወጥ ከኋላ ያለውን መዘውር ያዞራል። አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንስ ቀዳዳ ስፋት) ለመለወጥ ከማንሻው ቁልፍ አጠገብ ያለችውን ቁልፍ ተጭኖ ያንኑ መዘውር ያዞራል። አይኤስኦውን (ካሜራው ብርሃንን የሚያጎላበትን መጠን) ለመለወጥ በግራ እጅ ሌላ ቁልፍ ተጭኖ አሁንም ያንኑ መዘውር ያዞራል። በቤት ውስጥ ሲለማመዱት ቀላል ነው። ሰው እየገፋህ፣ የቪዲዮ ባለሙያው መብራቱን ይዞ ከፊትህ እየተጋረደ፣ ጣትህ የትኛውን ቁልፍ እንደተጫነ ለማወቅ ዓይንህን ከመመልከቻው ስታነሳ ግን አክሊሉ ተጭኖ አልቋል።

ዲ7200 ላይ መዘውሩ ሁለት ነው፤ አንዱ ከኋላ ለአውራ ጣት፣ አንዱ ከፊት ለሌባ ጣት። አውራ ጣት ሹተሩን ይይዛል፣ ሌባ ጣት አፐርቸሩን። ይኸው ነው። ይህን ለማይጠቀምበት ሰው ማስረዳት ያስቸግራል፤ «ለአንዲት ጎማ ይህን ያህል ብር?» ሊል ይችላል፣ ብሎኝም ያውቃል። በዚያ ላይ ከላይ ያለው ትልቁ መዘውር ላይ ዩ1 እና ዩ2 የሚባሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። የምፈልገውን ቅንብር አንድ ጊዜ አስቀምጥባቸዋለሁ። እኔ ዩ1ን ለቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ ዩ2ን ለደጅ አድርጌዋለሁ። ሙሽሮቹ ከመቅደስ ወጥተው ፀሐይ ላይ ሲደርሱ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ አንድ ጊዜ ቀጭ ማድረግ ብቻ ነው። በአሮጌው ካሜራ በዚያች ቅጽበት የማነሳቸው የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ነጭ ወረቀት መስለው ይወጡ ነበር።

መመልከቻውም ሌላ ነገር ሆኖ አገኘሁት። የዲ3100 መመልከቻ በውስጡ መስታወቶች ናቸው ምስሉን የሚመልሱት፤ ጠበብና ጨለም ያለ ነው፣ ከሚነሳውም ፎቶ የሚያሳየው 95 በመቶውን ነው። የቀረችው 5 በመቶ ትንሽ ትመስላለች። በእሷ ውስጥ ግን የስንት ሚዜ ክርን ተደብቆ እንደገባ እኔ ነኝ የማውቀው። የዲ7200 መመልከቻ ከድፍን መስታወት የተሠራ ፕሪዝም ያለው ሲሆን መቶ በመቶውን ያሳያል። የማየው ሁሉ ይነሳል፣ ያላየሁት አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ደስ ያሰኘኝ ግን አዲስ ነገር አይደለም፤ ቀድሞም እጄ ላይ የነበረ 50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8ዲ ሌንስ ነው። ይህን ሌንስ ከአንድ ሥራውን ካቆመ የፎቶ ቤት ባለቤት በርካሽ ያገኘሁት ነበር። ዲ3100 ላይ ይገጠማል፣ ፎቶም ያነሳል፤ በራሱ ፎከስ ግን አያደርግም። ምክንያቱ ሌንሱ ውስጥ ሞተር አለመኖሩ ነው። ኒኮን ሌንስ የሚገጠምበትን ቀለበት እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ሳይተወው ቆይቷል፤ በ1980ዎቹ በራሱ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ ሲመጣም ሞተሩን ቦዲው (የካሜራው አካል) ውስጥ አኖረው። ካኖን በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1987 የቀድሞውን ቀለበት እርግፍ አድርጎ ትቶ አዲስ ጀመረ፣ ሞተሩንም እያንዳንዱ ሌንስ ውስጥ ከተተው። ስለዚህ የካኖን ተጠቃሚ ይህ ጭንቀት የለበትም። ኒኮን ዘንድ ግን ርካሾቹ ካሜራዎች ዋጋና ክብደት ለመቀነስ ሞተሩ ወጥቶላቸዋል፤ የድሮውን ሌንስ የገዛ ጀማሪ ቀለበቱን በእጁ ያዞራል።

በእጅ ማዞሩ የሚጠላ ሥራ አይደለም። የቆመን ሰው ሲያነሱ ያምራልም። ነገር ግን ኤፍ 1.8 ላይ፣ ማለትም የሌንሱ ቀዳዳ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ፣ ከአንድ ሜትር ተኩል ርቀት፣ ጥርት ብሎ የሚወጣው ጥልቀት 6 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምትስቅ ልጅ አንገቷን ወደኋላ ብታደርግ ዓይኗ ከዚያ ውጪ ነው። መመልከቻው ጥግ ላይ ፎከሱ ሲገጥም የምትበራ አረንጓዴ ነጥብ አለች፤ እሷን ስጠብቅ ልጅቷ ስቃ ትጨርሳለች።

የዲ7200ን ሌንስ ነቅሎ ቀለበቱን ቀርቦ ያየ ሰው፣ ከጠርዙ ብቅ ያለች የካቻቪቴ ጫፍ የምትመስል ትንሽ ብረት ያገኛል። በጣት ገፋ ቢያደርጓት ወደ ውስጥ ትገባለች፣ ሲለቋት ትመለሳለች። የድሮው ሌንስ ጀርባ ላይ ደግሞ ለእሷ የተበጀ ስንጥቅ ያለው ብሎን አለ። ሌንሱ ሲገጠም ሁለቱ ይገናኛሉ። የማንሻውን ቁልፍ በግማሽ ስጫን ቦዲው ውስጥ ያለው ሞተር ያቺን ብረት ያሽከረክራታል፣ እሷም ሌንሱን። ጢርር የሚል ድምፅ አለው፤ በቅዳሴ መሃል ያስደነግጣል፣ ለቪዲዮም ፈጽሞ አይሆንም። ነገር ግን ፈጣን ነው። ያ ለስንት ጊዜ ቦርሳዬ ውስጥ ተኝቶ የኖረ ሌንስ ዛሬ ከሁሉ በላይ የምሠራበት ሆኗል።

ስለ ምስል ጥራት «ያው ነው» ማለቴን አንድ ቦታ ላይ አነሳለሁ። ነጠላ ላይ። የካሜራ ብርሃን መለኪያ ዓለምን ሁሉ መካከለኛ ግራጫ አድርጎ የሚገምት መሣሪያ ነው። ጥር 11 ጃን ሜዳ ላይ ነጭ በነጭ የለበሰ ሕዝብ ፊቱ ሲቆም «ብርሃኑ በዛ» ብሎ ይቀንሳል፤ የቀነሰው ከነጠላው ብቻ ሳይሆን ከፊትም ላይ ነው። ነጠላው አመድማ፣ ፊቱ ጥቁር ጥላ ሆኖ ይቀራል። ብርሃኑን ጨምሬ ላንሳ ቢሉ ደግሞ ፊቱ ያምርና የነጠላው ጥለትና ሽመና ነጭ ሆኖ ይጠፋል። ጠይም ፊት በነጭ ጨርቅ ተከቦ፣ በዚያ ላይ የቀትር ፀሐይ፤ አገራችን ውስጥ ፎቶ የሚያነሳ ሰው በየበዓሉ የሚፈተንበት ፈተና ነው፣ የካሜራ መመሪያ መጽሐፍ ግን ስለ በረዶ እንጂ ስለ ነጠላ አይነግረውም።

ዲ3100 ላይ መፍትሔው መምረጥ ነበር፤ ወይ ነጠላው ወይ ፊቱ። ነጠላውን አድኜ ፊቱን በኮምፒውተር ላብራ ብል፣ ጥላው ውስጥ አሸዋ የተበተነበት የሚመስል ነገር ይመጣል፣ ቀለሙም ይጨቀያል። ዲ7200 በዝቅተኛ አይኤስኦ፣ በሮው ፋይል (ካሜራው ሳይነካካው እንዳለ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) ሲነሳ ግን ጥላው ውስጥ ብዙ ነገር ይይዛል። ለነጠላው ብዬ አነሳለሁ፣ ቤት ገብቼ ፊቱን ሁለትና ሦስት የብርሃን ደረጃ አወጣዋለሁ፣ ንጹህ ሆኖ ይመጣል። የአንዲት አሮጊት የፊት መስመር ሁሉ፣ ከነጠላዋ ጥበብ ጋር፣ በአንድ ፎቶ። ይህን በአሮጌው ካሜራ አላገኘሁትም።

ይህ ሁሉ የእኔ ነው። ሌላው ሰው ሌላ ያወራል።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ከካኖን 1100ዲ ወደ 70ዲ ተሻግራ መጀመሪያ ላይ ክፉኛ አዝና ነበር። የፈለገችው ከሰው ጀርባ ያለው ነገር ለስልሶ እንዲጠፋላት ነው። የገጠመችው ግን ከድሮው ካሜራ ጋር የመጣውን 18-55 ሌንስ ነበርና ምንም አልጠፋላትም። ያንን የሚያጠፋው ሌንሱ ነው፤ ሁለቱ ካሜራዎች የሴንሰራቸው (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍል) መጠን አንድ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ተውሳ አሮጌው 1100ዲ ላይ ብትገጥመው የፈለገችውን እዚያው አገኘችው። እንዲህ ላለ ሰው እኔ ካሜራ ቀይር አልልም፤ ሌንስ ግዛ ነው የምለው። እሷ ግን 70ዲውን አልሸጠችውም። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው ይህ ካሜራ ሴንሰሩ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፒክስል ፎቶም የሚያነሳበት ፎከስም የሚያደርግበት አሠራር የያዘ የመጀመሪያው ካኖን ነው፤ ቪዲዮ ሲቀረጽ ሰውን ቀስ ብሎ ይከተላል። ስክሪኑም ተገልብጦ ይወጣል። የልጇን የትምህርት ቤት መዝጊያ በዓል ከሰው ራስ በላይ አንስታ ስትቀርጽ፣ ልጁ ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር እየዘለለ ከፎከስ አልወጣም። ከዚያ ወዲህ ስለ 70ዲ ክፉ አይነገራትም።

ሌላው ወዳጄ ወፍ አንሺ ነው። ቅዳሜና እሑድ ዝዋይ ሐይቅ ዳር ይውላል፤ ዓሣ አስጋሪዎች የሚጥሉትን የሚሻሙ አባ ኮዳዎችና ይብራዎች የእሱ ሙሽሮች ናቸው። እሱ ስለ መዘውር አያወራም፤ የሚያወራው ስለ ፎከስ ነጥብ ነው። ዲ3100 ላይ ነጥቦቹ 11 ናቸው፣ ዲ7200 ላይ 51። ከዚህም የበለጠ የወደደው ካሜራው የፎቶውን መሃል ብቻ ቆርጦ የሚያነሳበትን አሠራር ነው፤ ያኔ ነጥቦቹ ፎቶውን ከዳር እስከ ዳር ሊሸፍኑት ይቃረባሉ፣ ፍጥነቱም በሰከንድ ወደ 7 ፎቶ ይደርሳል። የዲ3100 ፍጥነት 3 ነው። ክንፉን የሚዘረጋ ይብራ በ3 እና በ7 መካከል ብዙ ነገር ያደርጋል።

በሰርግ ሥራ የሚተዳደር አንድ የማውቀው ባለሙያ ደግሞ ስለ አንድ ነገር ብቻ ይናገራል፦ ሁለት ሚሞሪ ካርድ። ዲ7200 ሁለት ቦታ አለው፤ እያንዳንዱን ፎቶ በሁለቱም ላይ እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል። ሰርግ አይደገምም፤ ካርድ ግን ሳያስጠነቅቅ ይከዳል። ከዲ7200 ቀጥሎ እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ዲ7500 በብዙ ነገር ፈጣን ሆኖ ሳለ ሁለተኛው ካርድ ተቀንሶበታል። ይህ ሰው እስከ ዛሬ ድረስ ዲ7500 ሲነሳ ፊቱ ይቀየራል።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ካሜራው ከተገዛ በኋላ የሚመጣውን ሻጭ አይነግርም። አንድ ሮው ፋይል ከ13 ሜጋባይት ገደማ ወደ 30 ወደሚጠጋ መጠን አደገ። ኮምፒውተሬ ላይ የነበረው አሮጌ ሶፍትዌር ፋይሉን ከነጭራሹ አላወቀውም። አዲሱን ጫንኩ፤ አዲሱ ደግሞ ኮምፒውተሩን አደከመው። ከዚያ ተጨማሪ ሃርድ ዲስክ። ክብደቱም አለ፤ ዲ3100 ከነባትሪው ግማሽ ኪሎ ነው፣ ዲ7200 765 ግራም። በእጅ ሲመዝኑት ምንም አይደለም። ከከተራ ጀምሮ ታቦት ተከትሎ በእግር የሄደ አንገት ግን ይነግራል። ለእግር ጉዞ ስወጣ አሮጌውን የማነሳበት ጊዜ አለ፣ አላፍርበትም።

ስለ መግዛቱ ትንሽ ልበል፤ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ አዲስ ካሜራ የመግዛት ሐሳብ ከብዙዎቻችን ቤት የወጣው ያኔ ነው። ስለዚህ ገበያው ያገለገለ ዕቃ ላይ ነው፣ ያውም ቴሌግራም ላይ። ኒኮን ለሚገዛ ሰው አንድ ጥሩ ነገር አለ፤ ካሜራው ሹተሩ ስንት ጊዜ እንደሠራ በእያንዳንዱ ፎቶ ፋይል ውስጥ ይጽፋል። ሻጩን ዛሬ የተነሳ አንድ ፎቶ መጠየቅ ነው፤ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላክ፣ አለበለዚያ ቴሌግራም ይህን መረጃ አብሮ ይፍቀዋል። የዲ7200 ሹተር የተፈተነው ለ150 ሺህ ጊዜ ነው። «ቤት ውስጥ ነው የተቀመጠው፣ አልተነካም» የተባለ ካሜራ ከዚያ ብዙም ያልራቀ ቁጥር ይዞ ሲመጣ አይቻለሁ። ሻጩ ፎቶውን እንደ ፋይል መላክ አልችልም ካለ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።

«ዛሬ መስታወት የሌለው ካሜራ (በውስጡ የሚገላበጥ መስታወት የሌለው፣ ሚረርለስ የሚሉት) እያለ ለምን?» የሚሉኝም አሉ። ልክ ናቸው፤ ካኖንም ኒኮንም ፊታቸውን ወደዚያ አዙረዋል፣ ዲ7500 እና ካኖን 90ዲ ከየመስመራቸው የመጨረሻዎቹ ሆነው ቆመዋል። ዓይንን ፈልጎ ፎከስ የሚያደርግ ካሜራ ተውሼ ሞክሬያለሁ፤ ቀናሁ። ነገር ግን ለእኔ ሁለት ነገር ይመዝናል። አንደኛ፣ ሰው ሁሉ ወደ አዲሱ ሲሄድ አሮጌው ረከሰ፤ ረከሰ ማለት ደግሞ የእኔ ጊዜ ደረሰ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መብራት። የዲ7200 አንድ ባትሪ በአምራቹ መለኪያ 1,110 ፎቶ ያነሳል፤ ዚ50 የተባለው የኒኮን መስታወት አልባ ካሜራ በዚያው መለኪያ 300 አካባቢ ነው። ዓርብ ማታ መብራት ሄዶ እሑድ ሰርግ ያለበት ሰው ይህን ቁጥር ከሜጋፒክስል አስቀድሞ ያነባል።

አሁን ዓይኔ ያረፈው አንድ ያገለገለ 80-200 ኤፍ 2.8ዲ ሌንስ ላይ ነው፤ 1.3 ኪሎ የሚመዝን፣ እንደ 50ው በቦዲው ሞተር የሚዞር። ዲ3100ን ይዤ ብቆይ ኖሮ ዋጋውን እንኳ አልጠይቅም ነበር። ሻጩ ቦሌ መጥቶ አሳየኝ። የስልኬን መብራት ከኋላ አብርቼ በፊት በኩል ሳይ፣ ከሁለተኛው መስታወት ጠርዝ ላይ ጸጉር የመሰለች ነጭ ነገር አየሁ። እሱ «አቧራ ነው ወንድሜ፣ ፎቶ ላይ አይታይም» አለ። እኔ ሻጋታ ነው አልኩ። ፎቶ ላይ እንደማይታይ አውቃለሁ፣ እሱም እንደማውቅ ያውቃል፤ ነገር ግን ሻጋታ ይሰፋል፣ ዋጋውም በዚያው ልክ መውረድ አለበት። ግማሹን ብር ጠርቼለት ስቆ ሄደ። ትናንት ማታ «እስቲ ትንሽ ጨምር» የሚል መልእክት ልኳል።